ከግንብ አጥር ወደ ክሊኒክ መስኮት፦ የኦፒየም ሱስ የተመላላሽ ሕክምና ታሪክ

የመድኃኒትን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት ቅመሙ መቼና በማን እጅ እንደ ተገኘ ነው። መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ ለማን፣ የትና ለምን ያህል ጊዜ ሊሰጥ ይገባል የሚለው ጥያቄ ግን በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ጥቂት ቦታ ብቻ ይዞ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ ካልተነሣ ታሪካቸው ጨርሶ የማይገባን በሽታዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ፣ ከኦፒየም የሚገኙት እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉት ቅመሞች፣ እንዲሁም በላቦራቶሪ ተሠርተው እንደ ኦፒየም የሚሠሩት መድኃኒቶች የሚያስከትሉት ሱስ ነው።

ሱሰኛው የት ይታከም? አልጋ ይዞ፣ በአጥር ተከልሎ፣ ከሚያውቀው ዓለም ርቆ ነውን? ወይስ በቤቱ እያደረ፣ ወደ ሥራው እየሄደ፣ ወደ ክሊኒክ እየተመላለሰ? ላይ ላዩን ሲታይ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሐኪሞችን፣ ዳኞችንና ፖሊሶችን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩም ያለ ዋጋ አልቀረም፤ በተሳሳተ ፍርድ የተዘጋ በር ሁሉ በሰው ሕይወት ተከፍሎበታል። ይህ ጽሑፍ የተመላላሽ ሕክምናው በር እንዴት እንደ ተከፈተ፣ ለምን እንደ ተዘጋና በምን ማስረጃ እንደገና እንደ ተከፈተ ለሙያ ባልደረቦች ባጭሩ ለማቅረብ የታሰበ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የበሽታው ጠባይ

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት የበሽታውን ጠባይ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሞርፊን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከኦፒየም ተለይቶ ወጣ፤ የመርፌ አጠቃቀም ደግሞ በመቶ ዓመቱ አጋማሽ ተስፋፋ። ሄሮይን በ1898 በጀርመን አገር ባየር በተባለው ኩባንያ አማካይነት የሳል መድኃኒት ተብሎ ለገበያ ቀረበ። እነዚህን ቅመሞች ዘወትር የሚወስድ ሰው አእምሮው ስለሚላመዳቸው፣ ቀድሞ የበቃው መጠን በኋላ አይበቃውም። ሲያቋርጥም በሰዓታት ውስጥ ያዛጋዋል፣ ያልበዋል፣ አጥንቱን ይቈረጥመዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንቅልፍም ያጣል። ይህ ሥቃይ በጥቂት ቀናት ውስጥ በርትቶ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም ከዚያ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ይበርዳል።

የቀድሞዎቹ ሐኪሞች የሥቃዩን መብረድ እንደ መዳን ቈጠሩት። ነገር ግን ሥቃዩ ሲያልፍ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የቅመሙ ናፍቆት ለወራትና ለዓመታት ሳይጠፋ ይቈያል። ሁለተኛ፣ አካሉ የነበረውን መላመድ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያጣል። በመሆኑም ከሱስ «ነጽቶ» የወጣው ሰው አገርሽቶበት የቀድሞውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ተቋርጦ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ለዚህ በሽታ እጅግ አደገኛው ሰዓት ታማሚው ከሆስፒታል ወይም ከእስር ቤት በር የሚወጣበት ሰዓት ነው። ከዚህ በኋላ የምንተርከው ታሪክ በሙሉ በዚህ አንድ እውነት ላይ የሚሽከረከር ነው።

የመጀመሪያዎቹ ክሊኒኮችና የመዘጋታቸው ምክንያት

በአሜሪካ በ1914 የወጣው የሃሪሰን ሕግ በመልኩ የቀረጥ ሕግ ነበር። ኦፒየምንና ኮካን የሚሸጥ፣ የሚያዝ ወይም የሚያከፋፍል ሁሉ እንዲመዘገብና ቀረጥ እንዲከፍል አዘዘ፤ ሐኪም ግን በሙያው ተግባር ላይ ሳለ ለታማሚው ማዘዝ እንደሚችል ፈቀደ። ጥያቄው «የሙያ ተግባር» ማለት ምን ማለት ነው የሚል ሆነ። ሱሰኛውን ከሥቃይ ጠብቆ ወደ ሥራው እንዲሄድ የሚያደርግ የዘወትር መጠን ማዘዝ ሕክምና ነው ወይስ አይደለም? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1919 በዌብ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ሱስን ለማቈየት ብቻ የሚጻፍ ማዘዣ የሐኪም ማዘዣ ሊባል አይችልም አለ። አያሌ ሐኪሞችና መድኃኒት ቀማሚዎች ተከሰሱ፤ ሌሎችም ፈርተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

በድንገት ሐኪም ያጡትን ሱሰኞች ለመርዳት በ1919 እና በ1920 በልዩ ልዩ ከተሞች ወደ 40 የሚጠጉ ክሊኒኮች ተከፈቱ። በዘመናዊ አነጋገር የኦፒየም ሱስ የተመላላሽ ሕክምና መስጫ ብለን ልንጠራቸው የሚገባን የመጀመሪያዎቹ ተቋማት እነዚህ ናቸው። አሠራራቸው ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። የኒውዮርኩ ክሊኒክ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ7 ሺህ የማያንሱ ሰዎችን መዝግቦ ስለ ነበር ሕዝቡ ተጨናንቆ ሥርዓት አጣ፤ ዓመት ያህል ብቻ ሠርቶም ተዘጋ። በሉዊዚያና ግዛት በሽሪቭፖርት ከተማ ዶክተር ዊሊስ በትለር ያቋቋሙት ክሊኒክ ግን በጥንቃቄ የሚመራ ነበር። እያንዳንዱ ታካሚ ይመረመራል፣ ይመዘገባል፤ ሌላ ሕመም ካለበት ይታከማል፤ ሥራ እንዲይዝም ይጠየቃል።

ይሁን እንጂ የፌዴራሉ የገንዘብ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች መልካሙን ከመጥፎው ሳይለዩ ክሊኒኮቹን ሁሉ በየተራ አዘጉ። የሽሪቭፖርቱም በ1923 ተዘጋ። በ1925 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሊንደር ጉዳይ ሱሰኞች በሽተኞች መሆናቸውንና ሐኪም ሊያክማቸው እንደሚችል የሚገልጽ ፍርድ ቢሰጥም የመርማሪዎቹ አሠራር አልተለወጠም፤ የሐኪሞቹም ፍርሃት አልተወገደም። ክሊኒኮቹ የተዘጉት ውጤታቸው ተመዝኖ ቀሊል ሆኖ ስለ ተገኘ እንዳልነበረ ልብ ሊባል ይገባል። በዚያ ዘመን ውጤቱን በሚገባ የመዘነ ማንም አልነበረም።

የሌክሲንግተን ትምህርት

ክሊኒኩ ሲዘጋ የሱሰኛው መኖሪያ እስር ቤት ሆነ። የፌዴራል እስር ቤቶች በሱሰኞች ስለ ተጨናነቁ፣ መንግሥት በ1935 በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን፣ በ1938 ደግሞ በቴክሳስ በፎርት ዎርዝ ሰፋፊ ሆስፒታሎች ከፈተ። የሌክሲንግተኑ ሆስፒታል ግማሹ ሆስፒታል ግማሹ እስር ቤት ነበር። የእርሻ ቦታ፣ የእጅ ሥራ ክፍል፣ የምርምር ላቦራቶሪ ነበረው፤ እስረኞችም በፈቃዳቸው የመጡ ታካሚዎችም በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። የሐሳቡ መሠረት ሰውየው ከከተማው ክፉ ጠረን ርቆ ንጹሕ አየርና ሥራ ካገኘ ይድናል የሚል ነበር።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ በዘመኑም ከእስር ቤት የተሻለ ነበር። ነገር ግን ታካሚዎቹ ወደየከተማቸው ሲመለሱ የደረሰውን ነገር የተከታተሉ ተመራማሪዎች ያገኙት ውጤት ተስፋ የሚያስቈርጥ ሆነ። በ1962 የታተመ፣ ከሌክሲንግተን ወደ ኒውዮርክ የተመለሱ ከ1900 በላይ ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት፣ ከ10 ሰዎች መካከል 9 ያህሉ እንደገና ወደ ሱሳቸው መመለሳቸውን አሳየ፤ ይህም በአብዛኛው የሆነው ከወጡ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ነው። ሰውየው በግንቡ ውስጥ ሳለ ደኅና ነበር። በሽታው የጠበቀው ከግንቡ ውጭ፣ በሚኖርበት ሠፈርና ከሚያውቃቸው ሰዎች ዘንድ ነበር። ሕክምናውም መድረስ የነበረበት እዚያው ነበር።

የእንግሊዝ መንገድና የደረሰበት እክል

አሜሪካ በዚህ መንገድ ስትጓዝ እንግሊዝ ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። በሰር ሃምፍሪ ሮልስተን የሚመራው የሐኪሞች ኮሚቴ በ1926 ባወጣው ሪፖርት፣ መጠኑ ቀስ በቀስ ተቀንሶለት ማቋረጥ ላልቻለና የተወሰነ መጠን ሲያገኝ ግን ጠቃሚ ኑሮ ለመኖር ለሚችል ሰው፣ ሐኪም ሞርፊን ወይም ሄሮይን በዘለቄታ ሊያዝለት ይችላል ሲል ወሰነ። ታካሚው ወደ ሐኪሙ ይሄዳል፣ ማዘዣ ይቀበላል፣ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ ሥርዓት ከ30 ዓመታት በላይ ያለ ብዙ ችግር ሠራ። ለዚህም አንዱ ምክንያት የሱሰኞቹ ቍጥር ጥቂት መቶ ብቻ፣ ብዙዎቹም በሕክምና ምክንያት ከሞርፊን ጋር የተዋወቁ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት ግን ሁኔታው ተለወጠ። በመንግሥት የታወቁት የሄሮይን ሱሰኞች በ1959 68 ብቻ የነበሩት በ1964 342 ደረሱ፤ አዲሶቹም ወጣቶች ነበሩ። በሎርድ ብሬን የሚመራው ኮሚቴ በ1965 ባወጣው ሁለተኛ ሪፖርት የችግሩ ዋና ምንጭ ጥቂት የለንደን ሐኪሞች ከልክ በላይ ማዘዛቸው መሆኑን ገለጸ። አንድ ሐኪም ብቻ በ1962 ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ የሄሮይን ክኒን ማዘዙ በሪፖርቱ ተጠቅሷል። ትርፉ ክኒን በየጎዳናው ይሸጥ ነበር። ከዚህም የተነሣ በ1967 በወጣው ሕግና በ1968 በተከፈቱት ልዩ ክሊኒኮች አማካይነት ለሱሰኛ ሄሮይንና ኮካይን የማዘዝ ሥልጣን ልዩ ፈቃድ ለተሰጣቸው ሐኪሞች ብቻ ተወሰነ።

ይህ የእንግሊዝ ታሪክ የተመላላሽ ሕክምና ደጋፊዎች ሊሸሽጉት የማይገባ ነው። የአሜሪካ መርማሪዎች ፍርሃት ከመሬት የተነሣ አልነበረም፤ ለሱሰኛው የተሰጠው መድኃኒት ወደ ሌላ እጅ ሊተላለፍ ይችላል። ቢሆንም በሁለቱ አገሮች የተሰጠው መልስ የተለያየ ነበር። አሜሪካ በሩን ዘጋች፤ እንግሊዝ ግን በሩን አጠበበች እንጂ አልዘጋችም።

ሜታዶን

ሜታዶን በ1930ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር በሄክስት ኩባንያ ላቦራቶሪ በማክስ ቦክሙልና በጉስታቭ ኤርሃርት የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በሌክሲንግተን የማቋረጥን ሥቃይ ለማብረድ ለጥቂት ቀናት ይሰጥ ነበር። ለዘለቄታ ቢሰጥስ የሚለውን ጥያቄ በሚገባ ያነሡት ግን በኒውዮርክ በሮክፌለር ተቋም የነበሩት ዶክተር ቪንሰንት ዶል፣ የአእምሮ ሐኪሟ ዶክተር ማሪ ናይስዋንደርና ወጣቷ ዶክተር ሜሪ ጂን ክሪክ ናቸው። ዶክተር ናይስዋንደር በሌክሲንግተን የሠሩ፣ በኋላም ሱሰኛውን እንደ በሽተኛ ማየት እንደሚገባ የሚያስረዳ መጽሐፍ በ1956 ያሳተሙ ሐኪም ነበሩ። ዶክተር ዶል በበኩላቸው የሰውነትን የምግብ አጠቃቀም የሚያጠኑ ሳይንቲስት ስለ ነበሩ፣ ሱስን የጠባይ ጕድለት ሳይሆን የአካል ለውጥ አድርገው ለማየት አልተቸገሩም።

ቡድኑ በ1964 ሥራውን ሲጀምር በመጀመሪያ የሞከረው ሞርፊንን ነበር። ሞርፊን የሚወስዱት ታካሚዎች በቀን ብዙ ጊዜ መርፌ ይፈልጋሉ፤ መጠናቸው ይጨምራል፤ ወይ ይፈዛሉ፣ ወይ የሚቀጥለውን መርፌ ይጠባበቃሉ። ወደ ሜታዶን ሲዛወሩ ግን ሁኔታቸው ተለወጠ። ሜታዶን በአፍ የሚወሰድ፣ ሳይቸኵል የሚሠራና ከአንድ ቀን ላላነሰ ጊዜ የሚቈይ ነው። በቂ መጠን ላይ የደረሰ ታካሚ አይፈዝም፣ አያልበውም፤ ሄሮይን ቢወስድም የሚጠብቀውን ስሜት አያገኝም። ከዚህ በፊት ስለ ቅመሙ ብቻ ይናገሩ የነበሩት ሰዎች ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ መናገር ጀመሩ። ዶክተር ዶልና ዶክተር ናይስዋንደር በነሐሴ 1965 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት 22 ታካሚዎችን ብቻ የሚመለከት ነበር። የሕክምናው መጨረሻ ደረጃ ታካሚው በቤቱ እየኖረ፣ እየሠራ ወይም እየተማረ ወደ ክሊኒክ የሚመላለስበት ነበር።

የፌዴራሉ የናርኮቲክስ ቢሮ ሰዎች ሥራው ሕግ የሚጥስ ነው ብለው ቢያስጠነቅቁም ሐኪሞቹ ወደ ኋላ አላሉም። ከሽሪቭፖርት መዘጋት 40 ዓመት ያህል በኋላ ተዘግቶ የነበረው በር እንደገና ተገፋ። በ1971 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶክተር ጀሮም ጃፌን የሱስን ሕክምና የሚመራ አዲስ መሥሪያ ቤት ኀላፊ አድርገው ሲሾሙ የሜታዶን ሕክምና በመላ አገሪቱ ተስፋፋ፤ የታካሚዎቹም ቍጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሆነ።

ማስረጃው

በታካሚዎች ምስክርነት ብቻ የቆመ ሕክምና ጠንካራ መሠረት አለው አይባልም። ሜታዶን ከተፈተነባቸው ሙከራዎች መካከል ሁለቱን መጥቀስ ይበቃል።

የመጀመሪያው የሆንግ ኮንጉ ነው። በ1979 በላንሴት መጽሔት በታተመው በዚህ ሙከራ 100 የሄሮይን ሱሰኞች ለሁለት ሳምንት ያህል ተኝተው በቀን 60 ሚሊግራም ሜታዶን ከተሰጣቸው በኋላ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ ሜታዶኑ ቀጠለ፤ የሌሎቹ ግን በቀን አንድ አንድ ሚሊግራም እየተቀነሰ በመጨረሻ ጣዕሙ የሚመሳሰል መድኃኒት የሌለው ፈሳሽ ብቻ ሆነ። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቅም ነበር። ሁሉም ወደ ክሊኒኩ እየተመላለሱ ይታከሙ ነበር። ከ32 ሳምንታት በኋላ በሕክምናው ላይ የተገኙት ከሜታዶኑ ወገን 76 ከመቶ፣ ከሌላው ወገን 10 ከመቶ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ልዩነቱ 56 ከመቶና 2 ከመቶ ሆነ። ምክሩና ክትትሉ ለሁለቱም ወገን እኩል ስለ ነበር ልዩነቱን የፈጠረው መድኃኒቱ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሁለተኛው በ1981 የታተመው የስዊድን ጥናት ነው። 34 ወጣት የሄሮይን ሱሰኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው 17ቱ ሜታዶን፣ 17ቱ ሌላውን የተለመደ ሕክምና እንዲያገኙ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሜታዶኑ ወገን 12ቱ ሄሮይንን ትተው ሲገኙ ከሌላው ወገን የተገኘው አንድ ብቻ ነው።

እነዚህ ቍጥሮች የሚያስረዱን ነገር ግልጽ ነው። መድኃኒቱ ለተወሰነ ጊዜ ተሰጥቶ ሲቋረጥ በሽታው ይመለሳል፤ ሳይቋረጥ ሲሰጥ ሰውየው ይቆማል። ይህም ማለት ሕክምናው እንደ ሳንባ ምች ሳይሆን እንደ ስኳር በሽታ ወይም እንደ ደም ብዛት ዘለቄታ ያለው መሆን ይገባዋል ማለት ነው። ዘለቄታ ያለው ሕክምና ደግሞ በተፈጥሮው የተመላላሽ ሕክምና ነው፤ ማንም ሰው ዕድሜውን ሙሉ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሊኖር አይችልም። እርግጥ ነው፣ መድኃኒት ብቻውን ሁሉንም አይፈታም። በ1993 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በቂ ሜታዶን ከሚያገኙ ታካሚዎች መካከል መደበኛ ምክር፣ የሥራና የቤተሰብ እርዳታ የተጨመረላቸው፣ መድኃኒቱን ብቻ ካገኙት የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን አረጋግጧል።

የመስኮቱ ጭነት

በሩ ሲከፈት ግን ፍርሃት አብሮ ገባ። በአሜሪካ በ1972 የወጣው ደንብና በ1974 የጸደቀው ሕግ ሜታዶን ለሱስ ሕክምና የሚሰጠው ፈቃድ ባላቸው ልዩ ክሊኒኮች ብቻ እንዲሆን አደረጉ፤ ተራው ሐኪም ሊያዝዘው፣ የሠፈሩ መድኃኒት ቤትም ሊሸጠው አይችልም። ታካሚው በየማለዳው በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ ነርሷ እያየችው ፈሳሹን ጠጥቶ ይሄዳል። ወደ ቤት የሚወሰደው መጠን ከብዙ ወራት ታማኝነት በኋላ በጥቂት በጥቂቱ የሚፈቀድ ነበር።

የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በጤና ባለሙያ ዐይን ፊት መድኃኒቱን ሲውጥ ያዩ የአገራችን ባልደረቦች የዚህን አሠራር ምክንያት በቀላሉ ይረዱታል። መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱ ይረጋገጣል፤ ወደ ሌላ እጅ አይተላለፍም። ሜታዶን ላልተላመደው ሰው፣ ይልቁንም ለሕፃን ልጅ፣ ገዳይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ይሁን እንጂ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በወራት ያልቃል፤ ይህኛው ግን ዓመታትን የሚፈጅ ነው። በየቀኑ ረጅም መንገድ ተጕዞ የሚመጣ ሰው ሥራ ለመያዝ ይቸገራል፤ ዘመድ ለመጠየቅ እንኳ ከከተማው መውጣት አይችልም። ሰውየውን ወደ ኑሮው ለመመለስ የተፈጠረው ሕክምና ራሱ ለኑሮው እንቅፋት ይሆናል።

ይህ ደንብ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበር የተፈተነው ሳይታሰብ ነው። በመጋቢት 2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በተስፋፋበት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ሕዝብ እንዳይሰበሰብ ሲል የተረጋጉ ታካሚዎች እስከ 28 ቀን፣ ሌሎቹም እስከ 14 ቀን የሚበቃ ሜታዶን ወደ ቤታቸው እንዲወስዱ ፈቀደ። የተፈራው ጥፋት በሰፊው ሳይደርስ ስለ ቀረ ፈቃዱ በ2024 በወጣው ደንብ ቋሚ እንዲሆን ተደረገ። ለግማሽ መቶ ዓመት የማይነካ ይመስል የነበረው ደንብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲላላ ታየ።

ቡፕረኖርፊን ወደ ሐኪሙ ክፍል

ሁለተኛው መድኃኒት ቡፕረኖርፊን በ1966 በእንግሊዝ አገር በሬኪት ኤንድ ኮልማን ኩባንያ ላቦራቶሪ የተሠራ ነው። ከሜታዶን የሚለየው ጕልበቱ ከተወሰነ ልክ በላይ ስለማይጨምር፣ ከሌላ አደንዛዥ ነገር ጋር ካልተቀላቀለ በቀር ትንፋሽን እስከ መግታት የመድረስ አደጋው ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ስለዚህም ከልዩ ክሊኒክ ወጥቶ ወደ ተራው ሐኪም ክፍል ሊገባ ቻለ።

ይህንን በድፍረት የሞከረችው ፈረንሳይ ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ ማንኛውም ጠቅላላ ሐኪም ልዩ ፈቃድ ሳያስፈልገው ቡፕረኖርፊን እንዲያዝ፣ ታካሚውም ከሠፈሩ መድኃኒት ቤት እንዲያገኘው ተፈቀደ። ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት በዚያ አገር ከመጠን በላይ አደንዛዥ ዕፅ በመውሰድ የሚሞቱ ሰዎች ቍጥር 79 ከመቶ ቀነሰ። ከፊሉ ክኒን ወደ ጥቁር ገበያ መውጣቱ፣ አንዳንዶችም አሟሙተው በመርፌ መውሰዳቸው አልቀረም። ነገር ግን ትርፉና ጕዳቱ በሚዛን ሲቀመጡ ወዴት እንደሚያደላ የሞቱት ቍጥር ይመሰክራል። በ2003 የታተመ የስዊድን ሙከራም 40 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ምክርና ክትትል ለሁሉም እየሰጠ፣ ለ20ዎቹ ብቻ ቡፕረኖርፊን አስቀጠለ። ከዓመት በኋላ መድኃኒቱን ከሚያገኙት 75 ከመቶ በሕክምናው ላይ ሲገኙ ከሌሎቹ አንድም አልተገኘም፤ ከነዚህም አራቱ ሞተው ነበር።

አሜሪካ በ2000 ባወጣችው ሕግ ሐኪሞች በክፍላቸው ቡፕረኖርፊን እንዲያዙ ብትፈቅድም ልዩ ሥልጠናና ፈቃድ ጠየቀች፤ መድኃኒቱ በ2002 ሲጸድቅም አንድ ሐኪም ከ30 ታካሚ በላይ እንዳይዝ ወሰነች። ወሰኑ በኋላ ወደ 100፣ በ2016 ደግሞ ወደ 275 ከፍ አለ። የሚያስገርመው ያው ሐኪም የሕመም ማስታገሻ ኦፒየም ነክ ክኒን ላሻው ቍጥር ታካሚ ለማዘዝ ይህን የመሰለ ገደብ አልነበረበትም። ሱስ የሚያመጣውን ማዘዝ ቀላል፣ ሱስን የሚያክመውን ማዘዝ ከባድ ነበር። ልዩ ፈቃዱ ፈጽሞ የተሻረው በታኅሣሥ 2022 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ2021 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ100 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ከመጠን በላይ አደንዛዥ ነገር በመውሰድ ሞተዋል፤ አብዛኛዎቹም በኦፒየም ነክ ቅመሞች ነው።

ወደ አካባቢያችን

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ሄሮይን በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ በኩል ሲተላለፍ ቈይቶ በየወደቡ ተጠቃሚ አፍርቷል። ሞሪሸስ በ2006 የሜታዶን ሕክምና ጀመረች። ታንዛንያ በ2011 በዳሬሰላም በሙሂምቢሊ ብሔራዊ ሆስፒታል፣ ኬንያም በ2014 መጨረሻ የሜታዶን ክሊኒክ ከፈቱ። እዚያም ያው የመስኮት ጥያቄ ተነሣ፤ በየቀኑ ለመመላለስ የሚከፈለው የመጓጓዣ ዋጋ ለብዙ ታካሚዎች ከባድ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንንና ቡፕረኖርፊንን በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። አገራችን አባል የሆነችበት በ1961 የተደረገው የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነትም በ1972 በተሻሻለው ቃሉ፣ ሱሰኞችን ለማከምና ወደ ኅብረተሰቡ ለመመለስ አገሮች ልዩ ትኵረት እንዲሰጡ ያሳስባል።

ከዚህ ረጅም ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ባጭሩ ሲጠቃለል የሚከተለው ነው። የተመላላሽ ሕክምናው በር የተዘጋው በማስረጃ አልነበረም፤ በፍርሃት ነበር። የተከፈተው ግን በማስረጃ ነው። ፍርሃቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አልነበረም፤ ለንደን ይህን አሳይታለች። ስለሆነም ደንብ የሚያወጣም ሆነ መድኃኒት የሚያድል ባለሙያ ሁለት ሚዛን በእጁ መያዝ ይገባዋል። በአንዱ ወደ ሌላ እጅ የሚተላለፈውን መድኃኒት ይመዝናል፤ በሌላው መድኃኒት አጥቶ የሚሞተውን ሰው ይመዝናል። ባለፈው መቶ ዓመት መሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያውን ሚዛን ዘወትር ሲመለከቱ ሁለተኛውን ግን ሳይመለከቱ ቀርተዋል፤ ምክንያቱም የተሰረቀ ጠርሙስ በመዝገብ ይጻፋል፣ ከበር የተመለሰ ታማሚ ግን በየትኛውም መዝገብ አይገባም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በዚህ በሽታ ግን የሚደብቀው ታማሚው ብቻ አይደለም፤ በሩን የሚጠብቀውም ብዙ ጊዜ እንዲደበቅ ያስገድደዋል። ታማሚው ደፍሮ ሲመጣ የሚያገኘው ሰው ሐኪም፣ ነርስ ወይም መድኃኒት ቀማሚ ነው። ተመልሶ መምጣቱና በሕይወት መቈየቱ የሚወሰነው በዚያች መስኮት በሚቀርብለት መድኃኒትና በሚደረግለት አቀባበል ነው።